ለዓይን ደማቅ፣ ለተክሉ ስንት? የአነስተኛ አኳሪየም መብራት አመራረጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን በትምህርት ክፍላችን ቤተ ሙከራ አንድ ጥግ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ እና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የመስታወት ገንዳ አቆምን። ዓላማችን ሁለት ነበር። አንደኛው የብርሃንን ስብረትና ነጸብራቅ በውሃ ውስጥ ለማሳየት፣ ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ገንዳ ሕይወት ያለው የቤተ ሙከራ ጌጥ ለማድረግ ነው። ከሥሩ ጠጠር አነጠፍን፤ ጥቂት የውሃ ውስጥ ተክሎች ተከልን። መብራቱን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። «ተክል ብርሃን ይወዳል፤ ብርሃኑ በበዛለት መጠን ይፋፋል» በሚል እሳቤ ለግቢ የሚያገለግል 50 ዋት የኤልኢዲ ፓውዛ ከገንዳው በላይ ሰቀልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ስለመሰሉን ጉፒ የተባሉ ስምንት ትናንሽ ዓሦች ጨመርን።

ብዙም ሳይቆይ በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ ሽፋን ታየ። ቀጥሎ ውሃው ራሱ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መሰለ። አንድ ዓርብ ማታ መብራት ጠፋ፤ የአየር ፓምፑም አብሮ ቆመ። ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ሙከራውን ስንከፍት ከስምንቱ ዓሦች ስድስቱ ሞተው በውሃው ላይ ተንሳፈዋል። አንደኛዋ ተማሪ «መምህር፣ ምን ገደላቸው?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ «መብራት ስለጠፋ ነው» የሚል ነበር። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ብቻ ነበር። ዓሦቹን የገደለው የሌሊቱ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የበራው ከልክ ያለፈ ብርሃን ጭምር ነው።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ስህተቱ የባዮሎጂ ሳይሆን የፊዚክስ መሆኑ ነው። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን ስከታተል ዓመታትን ያሳለፍኩት ደካማ ብርሃንን በመለካት፣ ማለትም ፎቶኖችን በመቁጠር ነበር። ለዚህች ገንዳ መብራት ስመርጥ ግን መለኪያ አላነሣሁም፤ በዓይኔ ተማመንኩ። ይህ ጽሑፍ ለተማሪዋ የምሰጠው ሙሉ መልስ ነው። በቤታቸው ወይም በትምህርት ቤታቸው ተክል ያለበት አነስተኛ አኳሪየም ለማቆም የሚያስቡ አንባብያንም መብራታቸውን በግምት ሳይሆን በስሌት ይመርጡ ዘንድ ይረዳቸዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዓይን መለኪያ አይደለም

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ሜዳ 100,000 ሉክስ ገደማ ብርሃን ያገኛል። ማታ አምፖል የበራበት ሳሎን የሚያገኘው ግን ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመቶዎች የሚባዛ ሆኖ ሳለ፣ በሁለቱም ስፍራ ያለ ችግር ጋዜጣ እናነባለን። ዓይናችን እንዲህ ያለውን ሰፊ ልዩነት ማቻቻል የሚችለው በየጊዜው ራሱን ከአካባቢው ጋር ስለሚያላምድ ነው። ይህ ለዓይን ታላቅ ጸጋ ነው፤ ከመለኪያ ግን የማይጠበቅ ባሕርይ ነው። መቶ ጊዜ የተቀየረን ነገር «ያው ነው» የሚል መሣሪያ በቤተ ሙከራ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ችግር በመብራት ማሸጊያዎች ላይ ከምናነበው «ሉመን» ከተባለው አሃድ ጋር የተያያዘ ነው። ሉመን የብርሃንን ኃይል የሚመዝነው የሰው ዓይን ለእያንዳንዱ ቀለም ባለው ስሜት መሠረት ነው። የዓይናችን ስሜት ከፍተኛ የሚሆነው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር በሆነው አረንጓዴ ብርሃን ላይ ነው። የዚህ ብርሃን አንድ ዋት 683 ሉመን ይሆናል። የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ግን ያው አንድ ዋት የሚያስገኘው 42 ሉመን ያህል ብቻ ነው። ተክል በበኩሉ ይህንን ቀይ ብርሃን በሚገባ ይጠቀምበታል። ስለሆነም ለእኛ ደብዛዛ የሚመስለን ሐምራዊ የተክል መብራት ለተክሉ ብዙ ምግብ የሚያመርትበት ሊሆን ይችላል።

«ኬልቪን» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥርም እንዲሁ ያሳስታል። 3,000 ኬልቪን ብጫ ያዘለ ነጭ፣ 6,500 ኬልቪን ደግሞ ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ብርሃን ነው። ይህ ቁጥር የብርሃኑን መልክ እንጂ መጠኑን አይነግረንም።

ተክሉ የሚቆጥረው ፎቶን ነው

እ.ኤ.አ. በ1882 ጀርመናዊው ቴዎዶር ቪልሄልም ኤንግልማን አንድ ረቂቅ ሙከራ አካሄደ። በማይክሮስኮፕ ሥር ባስቀመጠው ክር መሰል አልጌ ላይ በፕሪዝም የተበተነ የብርሃን ኅብረ ቀለም አሳረፈ፤ በዙሪያውም ኦክስጅን የሚሹ ባክቴሪያዎችን ለቀቀ። ባክቴሪያዎቹ በብዛት የተሰበሰቡት በቀዩና በሰማያዊው ብርሃን አካባቢ ነበር። በሌላ አነጋገር አልጌው ኦክስጅን በብዛት ያመነጨው በእነዚህ ቀለሞች ነው። ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ኪዝ ማክሪ የተባለው ተመራማሪ በ22 ዓይነት የሰብል ቅጠሎች ላይ ያደረገውን ልኬት አሳተመ። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ የሚገኘው ብርሃን በሙሉ፣ በተለያየ መጠን ቢሆንም፣ ለብርሃን አስተፃምሮ እንደሚያገለግል አሳየ። አረንጓዴው ብርሃን እንኳን ብዙዎች እንደሚያስቡት ከንቱ አይደለም። ይህም ማለት ተራ ነጭ ኤልኢዲ ለአኳሪየም ተክል በቂ ነው፤ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ልዩ ቀለም የግድ አያስፈልግም።

ሌላው ቁም ነገር ብርሃን አስተፃምሮ የሚቆጥረው ጉልበትን ሳይሆን ፎቶንን መሆኑ ነው። የ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ፎቶን 2.76 ኤሌክትሮን ቮልት፣ የ660 ናኖሜትር ቀይ ፎቶን ደግሞ 1.88 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይይዛል። ክሎሮፊል ሁለቱንም ሲቀበል ለሥራው የሚያውለው ተመሳሳይ መጠን ነው፤ የሰማያዊው ትርፍ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። በመሆኑም ለተክል ትክክለኛው መለኪያ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ የሚያርፉት የፎቶኖች ብዛት ነው። ብዛቱ የሚነገረው በማይክሮሞል ነው። አንድ ማይክሮሞል ስድስት መቶ ሺህ ትሪሊዮን ያህል ፎቶኖችን ይይዛል።

በዚህ መለኪያ ቀጥተኛ የእኩለ ቀን ፀሐይ 2,000 ማይክሮሞል ገደማ ይሰጣል። በገንዳው ወለል ላይ ሲለካ፣ እንደ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ላሉ ጥላ ወዳድ ተክሎች ከ15 እስከ 30 ማይክሮሞል ይበቃል። ለአብዛኞቹ ሌሎች ተክሎች ከ30 እስከ 50 በቂ ነው። ከዚህ በላይ የሚሹት እንደ ምንጣፍ የሚነጠፉ ወይም ቅጠላቸው ቀይ የሆኑ ዝርያዎች ናቸው፤ እነርሱም ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋሉ። ለነጭ ኤልኢዲ አንድ ማይክሮሞል በግምት ከ70 ሉክስ ጋር እኩል ነው። እንግዲህ 30 ማይክሮሞል ማለት 2,100 ሉክስ ያህል ነው። ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልብ ይሏል።

ውሃውና መስታወቱ

«ውሃ ቀይ ብርሃንን ይውጣል» የሚለው አባባል ለባሕር እውነት ነው። በእኛ ገንዳ ግን ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን በንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚቀንሰው ከ10 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ብርሃኑ በብዛት የሚባክነው ከውሃው ውስጥ ሳይሆን ከውሃው በላይ ነው። ከመብራቱ ወጥቶ ከገንዳው ውጭ የሚፈስ፣ አቧራና የኖራ ቅሪት በያዘው የመስታወት ክዳን የሚታገድ፣ ወይም እጅግ አጋድሎ በመምጣቱ ከውሃው ገጽ የሚመለስ ነው። ቁልቁል የሚወርድ ብርሃን ከውሃው ገጽ የሚንጸባረቀው 2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በ80 ዲግሪ አጋድሎ የሚመጣው ግን ከሲሶ በላይ ይመለሳል።

አንዴ ውሃው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ተማሪዎችን የሚያስደንቅ ነገር ይከሰታል። የውሃ የስብረት መጠን 1.33 ስለሆነ ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ወሳኙ ማዕዘን 49 ዲግሪ ያህል ነው። ከላይ የሚገባው ጨረር በስብረት ምክንያት ወደ ቁመታዊው መስመር ይጠጋል፤ የጎን መስታወቱን ሲመታም አብዛኛውን ጊዜ ከወሳኙ ማዕዘን በላይ በሆነ ማዕዘን ይመታዋል። በስሌት ሲታይ፣ ከላይ ከቁመታዊው መስመር እስከ 62 ዲግሪ ድረስ አጋድሎ የሚገባ ጨረር ሁሉ በንጹሑ የጎን መስታወት ላይ ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ያጋጥመዋል፤ ወደ ውሃውም ይመለሳል። ገንዳው እንደ ብርሃን ቱቦ ሆነ ማለት ነው። «ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል» የሚለው የምናውቀው ሕግ የሚሠራው ነጥብ መሰል ምንጭ በገላጣ ስፍራ ሲሆን ነው፤ በገንዳው ውስጥ ግን መቀነሱ ከዚያ የለዘበ ነው። ይህንን ሳያውቁ «ለጥልቀቱ ማካካሻ» እያሉ ኃይለኛ መብራት መግዛት የተለመደ ስህተት ነው።

ብርሃን ብቻውን አያሳድግም

እ.ኤ.አ. በ1779 የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ያን ኢንገንሀውስ ቅጠሎችን በውሃ ውስጥ አጥልቆ በፀሐይ ላይ ሲያስቀምጥ አረፋ እንደሚያወጡ ተመለከተ። ይህን የሚያደርጉት አረንጓዴ ክፍሎቻቸው ብቻ መሆናቸውንም ሆነ በጨለማ ግን አየሩን እንደሚያበላሹ አረጋገጠ። የእኛ ዓሦች ታሪክ በዚህ ግኝት ውስጥ አለ። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ይተነፍሳል፤ ኦክስጅንም ይወስዳል። ገንዳችንን አረንጓዴ ያደረገው እጅግ ብዙ አልጌ፣ ፓምፑ በቆመበት ሌሊት ለዓሦቹ የሚበቃ ኦክስጅን አላስቀረላቸውም።

አልጌው ለምን በዛ? እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ብላክማን በ1905 እንዳስረዳው፣ አንድ ሂደት በብዙ ነገሮች ላይ ሲመሠረት ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ነው። ከላይ ብርሃኑን እጥፍ ድርብ ብናደርገው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ማዕድን ካነሰ ተክሉ ከዚያ በላይ ማደግ አይችልም። ትርፉ ብርሃን ለተክሉ ሸክም ይሆናል፤ በጥቂት ነገር መኖር ለሚችለውና በፍጥነት ለሚራባው አልጌ ግን ሲሳይ ነው።

በውሃ ውስጥ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁልጊዜ የሚያንስ ነገር ነው። ይህ ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 እጥፍ ገደማ በዘገየ ፍጥነት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ከአየር ጋር ሚዛኑን የጠበቀ የ25 ዲግሪ ውሃ በአንድ ሊትር የሚይዘው 0.6 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 0.5 ሚሊ ግራም ይጠጋል፤ ለዓሦቹ የሚያስፈልገው ኦክስጅንም እንዲሁ በአንድ አራተኛ ያንሳል። ከባሕር ጠለል አጠገብ ባሉ ከተሞች የተጻፈን የመብራት ምክር ለደጋ ገንዳ እንዳለ መቀበል የማይገባው ስለዚህ ነው። በእኛ ከፍታ ብርሃኑን ወደ ዝቅተኛው ወገን ማድረግ ብልህነት ነው።

ስሌቱ

ብዙዎች እስከ ዛሬ የሚከተሉት ደንብ «ለአንድ ጋሎን ውሃ ከ1 እስከ 2 ዋት» የሚል ነው። ይህ ደንብ የፍሎረሰንት ዘንጎች ዘመን ቅርስ ነው። ዋት መብራቱ ከመስመሩ የሚወስደውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይናገርም። ባለ ክር አምፖል በአንድ ዋት 12 ሉመን ገደማ ሲሰጥ፣ ጥሩ ኤልኢዲ 100 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። የተለመዱት የፍሎረሰንት ዘንጎችም ቢሆኑ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለገበያ እንዳይቀርቡ ታግደዋል። ደንቡ የተሠራበት መብራት ሲያልፍ ደንቡም አብሮ ሊያልፍ ይገባል።

በምትኩ የሚከተለውን ቀላል ስሌት እናቅርብ። የገንዳውን የላይ ስፋት በካሬ ሜትር ይውሰዱ፤ በሚፈልጉት ማይክሮሞል ያባዙት፤ ወደ ሉክስ ለመለወጥ በ70 ያባዙት፤ ከመብራቱ ብርሃን ግማሹ ብቻ ወለሉ ላይ ይደርሳል ብለን እናስብና በመጨረሻ በ2 ያባዙት። የሚገኘው ውጤት የሚያስፈልገው ሉመን ነው።

የእኛ ገንዳ ስፋት 0.6 × 0.3 = 0.18 ካሬ ሜትር ነው። 30 ማይክሮሞል ብንፈልግ፣ 0.18 × 30 × 70 × 2 = 756 ሉመን እናገኛለን። ይህም በአንድ ዋት 100 ሉመን የሚሰጥ ኤልኢዲ ሲሆን 8 ዋት ያህል ማለት ነው። እኔ የሰቀልኩት 50 ዋት ፓውዛ ግን 5,000 ሉመን ያህል ነበረው። በዚያው ስሌት ወደ ኋላ ብንሄድ ወለሉ ላይ 200 ማይክሮሞል ገደማ ያሳርፋል፤ ከሚያስፈልገው ከስድስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ዓይኔ ግን «ትንሽ ደመቅ ያለ» ብሎ አልፎት ነበር።

ስሌቱ ግምት ስለሆነ በልኬት ማረጋገጥ ይገባል። ውሃ ከመሙላትዎ በፊት የእጅ ስልክዎን የብርሃን መለኪያ ፕሮግራም ከፍተው ባዶው ገንዳ ወለል ላይ በመሐልና በማዕዘኖቹ ያስቀምጡት። የስልክ መለኪያ ፍጹም ትክክል ባይሆንም 2,000 ሉክስን ከ14,000 ለመለየት ከበቂ በላይ ነው።

መጠን ማለት ጊዜም ጭምር ነው

ተክሉ በቀን የሚቀበለው ድምር የብርሃኑ ብርታትና የሰዓቱ ብዛት ውጤት ነው። አዲስ ገንዳ በቀን በ6 ሰዓት ብርሃን ቢጀምር ይመረጣል፤ ተክሎቹ ሥር ሲሰዱ ቀስ በቀስ ወደ 8 ሰዓት ማሳደግ ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማብራት ቤተሰብ በሚሰበሰብበት ጊዜ ገንዳውን ለማየት ያመቻል። ለዚህ ታይመር ያስፈልጋል። ይሁንና በሞተር የሚዞረው ተራ ታይመር መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ስለሚቆም ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ማስተካከል ወይም የራሱ ባትሪ ያለውን መግዛት ይሻላል። ገንዳውን ቀጥተኛ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥም አይገባም፤ ያን ብርሃን ታይመር አይቆጣጠረውምና።

ብርሃኑ ከበዛ መብራቱን ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ሰዓቱን መቀነስ ወይም ጥቂት ተንሳፋፊ ተክል በላዩ ላይ መልቀቅ ይቻላል። ተንሳፋፊ ተክል ብርሃንን ምን ያህል እንደሚጋርድ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ መታየቱ የተዘገበውን እምቦጭ ማሰብ ይበቃል፤ በተንጣለለበት ስፍራ ከሥሩ ያሉትን ተክሎች ብርሃን ያሳጣል። ስለሆነም እምቦጭን ለገንዳ መጠቀም አይገባም፤ ከአኳሪየም የተነቀለ ማናቸውም ተክል ደግሞ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ መጣል የለበትም።

ስለ ደኅንነት አንድ ቃል። 220 ቮልት እና ውሃ ጎረቤት መሆን የለባቸውም። ውሃ እንዳይገባበት የታሸገና በ12 ቮልት የሚሠራ መብራት ይምረጡ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ ያድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከእጥፋቱ ላይ ወደ መሬት ይንጠባጠባልና። እጅዎን ወደ ውሃው ከማስገባትዎ በፊትም ሶኬቱን ይንቀሉ።

ተማሪዎች ሊሞክሩት የሚችሉት

ኢንገንሀውስ ያየውን አረፋ ማንም ተማሪ ሊቆጥረው ይችላል። ከኤሎዲያ ወይም ከሴራቶፊለም ተክል አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው፣ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ያጥልቁት። መብራቱን በ10፣ በ15፣ በ20 እና በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት እያስቀመጡ በየርቀቱ ሉክሱን ይለኩ፤ በደቂቃ የሚወጡትን አረፋዎችም ይቁጠሩ። ከዚያም ሙከራውን ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ሶዳ በሌለው ውሃ ይድገሙት። ሁለቱን ውጤቶች በአንድ ግራፍ ላይ ሲያስቀምጡ፣ ሶዳ በሌለው ውሃ ብርሃን ቢጨመርም አረፋው የማይጨምርበት ደረጃ ቀደም ብሎ ይመጣል። ብላክማን የተናገረው ይኸው ነው።

የእኛ ገንዳ ዛሬም በዚያው ጥግ አለ። ፓውዛው ወደ ግቢው ተመልሶ በሩን ያበራል፤ በእርሱ ቦታ 8 ዋት የኤልኢዲ ዘንግ አለ፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕም ጨምረናል። ከሞት የተረፉት ሁለቱ ጉፒዎች አንዷ ሴት ነበረች፤ በዚያው ዓመት ጫጩቶች ወለደች። ገንዳው አዲስ ለሚገቡ ተማሪዎች ደብዛዛ እንደሚመስላቸው ይነግሩኛል። በዚያን ጊዜ ስልካቸውን አውጥተው እንዲለኩ እጠይቃቸዋለሁ። መልካም ሙከራ!